እጄን ያዙኝ፣ ድምፄን ግን ተዉልኝ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ነው ብላችሁ ከጓጓችሁ ይቅርታ፣ ስለ ምርጫ ነው። ታዲያ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ! ነገሩ ከፍቅርም፣ ከቤተሰብም፣ ከጓደኝነትም የራቀ አይደለም።

ድሮ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤ እንዴት ያስጽፍ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ፖስታ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ በሳንቲም የሚጽፍ ሰው ነበር። እሱ ከሌለ የሰፈር ተማሪ ይጠራል። እናት ትናገራለች፣ ተማሪው ይጽፋል። እናት «ናፍቀኸኛል በልልኝ» ስትል ተማሪው «ገንዘብ ላክልኝ» ብሎ ቢጽፍ ማን ያውቃል? ደብዳቤው ከታሸገ በኋላ መላሽ የለውም። ስለዚህ ሰው ደብዳቤ ጸሐፊውን የሚመርጠው በጽሕፈቱ ውበት ብቻ አልነበረም፣ በታማኝነቱም ነበር። ጸሐፊ የሚያበድረው እጁን ነው እንጂ ልቡን አይደለማ!

ምርጫ ጣቢያ ገብቶ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ማየት የማይችል፣ እጁ እስክሪብቶ የማይጨብጥለት፣ ወይም ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ልክ እንደዚያች እናት ነው። የሰው እጅ ይፈልጋል። ጥያቄው «የማንን እጅ?» የሚለው ነው።

«ሁለት ድምፅ ነው የሰጠሁት!»

ይህን ያወራችኝ ወጣት በሃያዎቹ ዕድሜዋ ላይ ያለች ናት። ስሟን አልጽፍም፣ ሰፈሯንም አልጠቅስም። ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም። ብሬልን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ስልኳ የሚያነብላትን በፍጥነት ስትሰማ አጠገቧ ያለ ሰው አንድ ቃል አይገባውም። ቡና ስታፈላም እንግዳ ዓይኗ እንደማያይ ሳያውቅ ሦስተኛውን ጠጥቶ ይሄዳል። የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። ወንድምየው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ያስተማራት እሱ፣ የታክሲ የሚሰጣት እሱ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት የሚወስዳትም እሱ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ዕለት፣ ወንድምና እህት ማልደው ተሰለፉ። ለእሷ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት «ማን ያግዝሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም። ወንድሟን አየችና «አንተ ነህ አይደል የምታግዛት? ግባ» አለችው። ገቡ። የምትፈልገውን በጆሮው ነገረችው። «እሺ» አላት። ወረቀቱን አጥፎ ሰጣትና እሷ በእጇ ኮሮጆው ውስጥ ከተተችው። ጣቷን ቀለም ተቀብታ፣ ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ምሳ ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ወሬው ሁሉ ምርጫ ሆነ። ወንድም ጋሼ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ «እኔ እኮ ዛሬ ሁለት ድምፅ ነው የሰጠሁት!» አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ ለምን ሳቅሽ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ? ባለቅስ ኖሮ ምሳው ይበላሽ ነበር» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ እንዲህ አለች። «እኔን ያቃጠለኝ የመረጠው ፓርቲ አይደለም። ቢያስረዳኝ ምናልባት እኔም እመርጠው ይሆናል። እኔን ያቃጠለኝ ‹እሺ› ማለቱ ነው።»

ይህቺን «እሺ» ልብ በሉልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሷ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ቀላሉን እንያዝ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ድምፁ በምስጢር እንደሚሰጥም እዚያው ላይ ተጽፏል። «ዓይኑ የሚያይ»፣ «በእግሩ የሚሄድ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም።

ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀችው። «የውጭ ስምምነት እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መልስ አለው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ታዲያ ስምምነቱ በአንቀጽ 29 ስለ ምርጫ ሲናገር፣ አካል ጉዳተኛው በምስጢር ድምፁን የመስጠት መብት አለው ይላል። የድምፅ መስጫው ቦታና ዕቃም እሱ ሊጠቀምበት የሚችል መሆን አለበት ይላል። ስለ እገዛ ደግሞ ሦስት ነገር አስቀምጧል። እገዛው በሚያስፈልግ ጊዜ ነው፤ መራጩ ራሱ ሲጠይቅ ነው፤ የሚያግዘውም እሱ ራሱ የመረጠው ሰው ነው።

እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ወደ ልጅቷ ታሪክ ተመለሱ። እገዛ ያስፈልጋት ነበር፣ እውነት ነው። ግን የጠየቃት የለም። የመረጠችውም እሷ አይደለችም፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት። ወንድምየው ወረቀቱ ላይ ምልክቱን ከማድረጉ በፊት ሁለቱ በሮች ተሰብረው ነበር ማለት ነው። የእሱ ጥፋት ሦስተኛው ሆነ። ያደረገው ነገር ደግሞ እገዛ አይባልም፤ የሰው ድምፅ መውሰድ ነው።

አንዳንድ ሰው «ረዳት ከገባ ምስጢርነቱ መቼ ቀረ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምስጢሩ ለሁለት ይከፈላል እንጂ አይፈርስም። ለልብ ጓደኛችሁ የነገራችሁት ነገር ምስጢር መሆኑ ይቀራል እንዴ? የሚቀረው ጓደኛችሁ ሲያወራው ነው። ለዚህ ነው ምርጫው የመራጩ መሆን ያለበት። ምስጢር ጠባቂህን ሌላ ሰው ሊሾምልህ አይችልም።

እንጀራ ሰጪው ሲያግዝ

እስቲ ባሕር ተሻግረን እንምጣ። አሜሪካኖች በ1982 (እ.ኤ.አ.) የመምረጥ መብት ሕጋቸው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩ። ማየት ያልቻለ፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል ይላል። ከዚያ ግን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይከለክላል። አንደኛው አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል ነው። ሁለተኛው የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል ነው።

ለምን ይመስላችኋል? ደሞዝህን የሚቆርጥ ሰው አጠገብህ ቆሞ «ማንን ላድርግልህ?» ሲልህ መልስህ ነፃ አይሆንማ! ባይናገርህም፣ ባያስፈራራህም፣ መኖሩ ብቻ ይበቃል።

በነገራችን ላይ ይህ ሕግ የእኛንም ሰዎች ይመለከታል። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ ወይም ሚኔሶታ ዜግነት ወስዳችሁ የምትኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ንገሯቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ ያልቻሉ እናት ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ይዘው ድምፅ መስጫው ድረስ መግባት ይችላሉ። አሠሪያቸውን ግን አይሆንም።

አሁን ልብ በሉ። የአሜሪካው ሕግ አሠሪን አየ፣ ወንድምን ግን አላየም። እኛ አገር ደግሞ የብዙ አካል ጉዳተኛ ወጣት እንጀራ ያለው በአሠሪ እጅ ሳይሆን በቤተሰብ እጅ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ የሚያለብሰው፣ ሐኪም ቤት የሚወስደው ቤተሰብ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፣ ጫናውም እውነተኛ ነው። «ይህን ሁሉ አድርጌልሽ በምርጫ ትቃወሚኛለሽ?» የሚለው ቃል ባይነገርም አየሩ ላይ አለ።

ለልጅቷ የሰጠኋት ምክር ይህ ነው። ወንድምሽን አታሳፍሪው፣ ከቤትም አትጣዪ። ግን ከሚቀጥለው ምርጫ ቀደም ብለሽ፣ ሰው በሌለበት፣ ቡና አፍልተሽ ንገሪው። «ወንድም ጋሼ፣ አንተን አላምንህም ማለቴ አይደለም። ግን በዚህ ጉዳይ እኔና አንተ ቤት ውስጥ እየተከራከርን፣ እዚያ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ብንሰጥ ደስ ይለኛል። ጓደኛዬን ይዤ እሄዳለሁ» በይው። ያቺ ምሳ ላይ የሳቅሽው ሳቅ ምን ያህል እንዳመመሽም ንገሪው። ደግ ሰው ከሆነ ይገባዋል። ባይገባውም መብቱ ያንቺ ነው፤ የእሱን ፈቃድ አይጠይቅም።

እንደ ሙሽራ የተሸከሙት መራጭ

ሌላው ያነጋገርኩት ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነው። የሚሄደው በዊልቸር ነው። ዓይኑ ደህና፣ እጁም ከማንም ይበልጣል፤ የጸጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ይበይድበታል። እሱ ወረቀት ላይ ምልክት የሚያደርግለት ሰው አይፈልግም። እሱ የሚፈልገው በር ነው።

የምርጫ ጣቢያው ሰባት ደረጃ ወጥቶ ነበር። አራት ጎረምሶች ከነወንበሩ ብድግ አደረጉት። «እንደ ሙሽራ ነው የተሸከሙኝ፤ እልልታ ብቻ ነው የቀረው» እያለ እየሳቀ ነገረኝ። ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። ውስጥ ሲገባ የድምፅ መስጫው ጠረጴዛ አንገቱ ድረስ ነው። መጋረጃው ውስጥም ወንበሩ አልገባለትም። ስለዚህ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሰው ፊት፣ በእጁ ሸፍኖ ምልክት አደረገ። «ፈተና የሚኮርጅ ተማሪ መሰልኩ» አለኝ።

ደረጃ ድምፅ ይሰርቃል ብትባሉ ታምናላችሁ? ይሰርቃል! ያ ወጣት ደፋር ስለሆነ ተሸክመውት ገባ። ሰው እንዲሸከመው የማይፈልግ፣ «ከሚያሸክሙኝ ይቅርብኝ» ብሎ ቤቱ የቀረ ስንት አለ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ አካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ተጠቃሚዎችም ጭምር፣ የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ምርጫ ጣቢያ ግን ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው አሮጌ ትምህርት ቤትና የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሮጌውን ሕንጻ በአንድ ቀን ማፍረስ አይቻልም። ሥራውን ከደረጃው በላይ ካለው ክፍል ምድር ላይ ወዳለው ማውረድ ግን ይቻላል። አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛና ወንበር የሚያስገባ ሰፊ መጋረጃ ማዘጋጀትም ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች መግባት ያልቻለ መራጭ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ወረቀቱ እስከ ደጅ ይመጣለታል።

ምን ለማለት ነው? እገዛ ማለት ሁልጊዜ ሰው ማለት አይደለም። አንዳንዴ እገዛ ማለት ጠረጴዛ ነው።

«ምን ይፈልጋል?» ብላችሁ እህቱን አትጠይቁ

መስማት የተሳነው ወጣት ከእህቱ ጋር ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ልጁን ትቶ እህቱን «ምን ይፈልጋል? ካርዱ የት አለ? መምረጥ ያውቃል?» ይላታል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው እኮ! ከዚያም «አብረሽው ግቢ» ይሏታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ወጣት ወረቀቱን ያያል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። የሚፈልገው ሰው በምልክት ቋንቋ አሠራሩን እንዲያስረዳው ብቻ ነው። ያም ከመጋረጃው ውጪ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብቻውን መግባት አለበት። እህቱን አብራ እንድትገባ ማድረግ ለእሱ እገዛ ሳይሆን ምስጢሩን ማፍሰስ ነው። ያልተጠየቀ እገዛም መብት ይጥሳል። ስምምነቱ «ሲጠይቅ» ያለው በከንቱ አይደለም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላላቸው ወጣቶችስ? ብዙ አገር እነዚህን ሰዎች ከመራጮች መዝገብ ይሰርዝ ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የስምምነቱ ኮሚቴ ሃንጋሪ ውስጥ በአሳዳጊ ሥር ናችሁ ተብለው ከመዝገብ የተሰረዙ ስድስት ሰዎችን ጉዳይ አይቶ መብታቸው ተጥሷል ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ጃፓን በአሳዳጊ ሥር ላሉ አዋቂዎች የመምረጥ መብታቸውን መለሰች። ስፔንም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሕጓን ቀይራ ወደ መቶ ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች እንዲሁ አደረገች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ለመምረጥ ፈተና አይፈተንም። ዓይኑ የሚያየውና ዲግሪ የጫነውማ መቼ ተፈትኖ ገባ?

ያለ ረዳት ቢቻልስ?

«ለምን ዓይነ ስውሩ ብቻውን የሚመርጥበት ዘዴ አይፈለግም?» ትሉ ይሆናል። ተፈልጓል። ሴራሊዮን በ2002 (እ.ኤ.አ.)፣ ጋና ደግሞ በ2004 (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ ምርጫ ላይ ዋጋው ርካሽ የሆነ ዘዴ ሞክረዋል። የካርቶን አቃፊ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ውስጡ ይገባል። በየተወዳዳሪው ትይዩ ቀዳዳ አለ። አጠገቡ ደግሞ በጣት የሚዳሰስ ምልክት አለ። መራጩ ዳስሶ የፈለገውን ቀዳዳ ያገኛል፣ ምልክቱን በራሱ እጅ ያደርጋል። የምርጫ ማሽን ያላቸው አገሮችም አሉ። አሜሪካ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ በየፌዴራል ምርጫ ጣቢያው አካል ጉዳተኛው ብቻውን፣ በምስጢር የሚመርጥበት ቢያንስ አንድ መሣሪያ እንዲኖር አዛለች። በጆሮ ማዳመጫ የተወዳዳሪዎችን ስም ያነባል። ሕንድ ደግሞ የምርጫ ማሽኖቿ ላይ ብሬል አድርጋለች።

ግን ዘዴ ሁሉ ዘዴ አይደለም። እንግሊዞች ወረቀት ላይ የሚለጠፍ፣ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ መዳሰሻ ነበራቸው። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት «ሳጥኑን አገኘዋለሁ፣ የማን ሳጥን እንደሆነ ግን አይነግረኝም» ብላ ከሰሰች። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ ፈረደላት። ሳጥኑን ማግኘትና የማንን ሳጥን እንዳገኙ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚያም በላይ ዓይኑ በጎልማሳነቱ የጠፋ ብዙ ሰው ብሬል አያነብም። ስለዚህ መሣሪያው ይምጣ፣ ይበረታታ፤ የሚያምኑትን ሰው ይዞ የመግባት መብት ግን አብሮት ይቆይ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሥጋቱም እውነት ነው

የምርጫ ጣቢያ ሰዎችንም ልስማላቸው። «እገዛ በሚል ሰበብ አንድ ሰው ሃያ ሽማግሌና ባልቴት እየመራ ይዞ ቢገባስ?» ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ያሰጋል። ሕንዶች ለዚህ ብልሃት አበጅተዋል። ረዳቱ ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት። በአንድ ቀን ከአንድ መራጭ በላይ ማገዝ አይችልም። ምስጢሩን እንደሚጠብቅም ፈርሞ ይገባል። ይህ ሌባውን ይከለክላል፣ ጓደኛን ግን አይከለክልም። ሥጋትን ማስወገጃው መንገድ ረዳቱን መቆጣጠር ነው እንጂ መራጩን መንጠቅ አይደለም።

አንድ ጎረቤቴ ያስተማሩኝ

እኔም አንድ ጊዜ ረዳት ሆኜ ገብቻለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ጠሩኝ። የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ምልክቶቻቸውን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። የፈለጉትን አልነገሩኝም። «ገና እያሰብኩ ነው፤ ባስብም አሁን አልነግርህም» አሉኝ።

በዕለቱ መጋረጃው ውስጥ ስንገባ «በል አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ በቀስታ አንብብ» አሉኝ። የፈለጉት ላይ ስደርስ ክንዴን ያዝ አደረጉ። እስክሪብቶውን ራሳቸው ጨበጡ፤ እኔ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ መራሁ፣ የኤክስ ምልክቱን እሳቸው አደረጉ። ከዚያ «ከየትኛው ምልክት ጎን ነው ያረፈው? ንገረኝ» ብለው አረጋገጡ። አጣጥፈው ራሳቸው ከተቱት።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ሰው ማንን መረጡ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም እላለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ኧረ ተው! ለእኔ ብለህ ምን ያስዋሽሃል? ‹አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም› በል» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች። (እሷም ይህን ስታነብ እንደገና ትጠይቀኝ ይሆናል።)

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እገዛ ለምትፈልጉ፦

1. ረዳታችሁን ከምርጫው ቀን በፊት ምረጡ። በር ላይ ሰው መፈለግ ለአጋጣሚ መዳረግ ነው። ኑሯችሁ በእጁ ያለ ሰው ባይሆን ይመረጣል። የፓርቲ ወኪልን፣ ታዛቢን ወይም ተወዳዳሪን ደግሞ እርሱት።

2. ስትመዘገቡ መዝጋቢውን ጠይቁ። «ረዳት ይዤ እመጣለሁ፤ በመመሪያችሁ ረዳቱ ምን ማሟላት አለበት? መታወቂያ ይያዝ?» በሉ። ደረጃ ካለም ያኔውኑ ተናገሩ፤ ክፍል ለመቀየር ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው።

3. የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝርና ምልክት ቤታችሁ ሆናችሁ አጥኑ። የወረቀቱን ቅደም ተከተል የሚያውቅ መራጭ በቀላሉ አይታለልም።

4. በሩ ላይ ሌላ ሰው ሊመድቡላችሁ ከፈለጉ በትሕትና ግን ጠበቅ አድርጋችሁ «አመሰግናለሁ፣ የማግዘኝን ሰው መርጫለሁ» በሉ። አሻፈረኝ ካሉ የጣቢያውን ኃላፊ ጥሩ፤ ታዛቢዎች እንዲመዘግቡላችሁም ጠይቁ። ብቻችሁን መግባት ከፈለጋችሁም እንዲሁ በሉ።

ረዳት ለምትሆኑ፦

1. ምክራችሁን ከመጋረጃው ውጪ ጨርሱ። ውስጥ ስትገቡ ዓይንና እጅ እንጂ አፍ አይደላችሁም።

2. ዝርዝሩን ሙሉውን አንብቡ። የማትወዱትን ፓርቲ በፍጥነት፣ የምትወዱትን በዝግታ ማንበብም ማጭበርበር ነው!

3. መራጩ ምልክቱን በእጁ ማድረግ ከቻለ እሱ ያድርገው። ካልቻለም ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ንገሩት።

4. በሐሳቡ ካልተስማማችሁና ሕሊናችሁ እንቢ ካላችሁ አስቀድማችሁ «ሌላ ሰው ፈልግ» በሉት። «እሺ» ብሎ ሌላ ማድረግ ግን ነውር ነው።

5. ከወጣችሁ በኋላ ጸጥ! ለእናታችሁም ቢሆን።

ምርጫ ጣቢያ ላይ ለመሥራት ወይም ለመታዘብ የምትመለመሉ ወጣቶችም ትኖራላችሁ። ለእናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለኝ። አካል ጉዳተኛ መራጭ ከሰው ጋር ሲመጣ፣ አብሮት የመጣውን ሳይሆን እሱን እያያችሁ «እገዛ ይፈልጋሉ? ከፈለጉስ ማን ያግዝዎት?» በሉ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ያቺ ልጅ የመጀመሪያ ድምፅዋን ያጣችው በእነዚህ አምስት ሰከንዶች ነው።

በየቤታችንም እንነጋገር። ብዙዎቻችን ቤት ዓይኑ የደከመ አባት፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ አያት፣ ክራንች የሚይዝ ወንድም ወይም እህት አለ። ነገ የእነሱ ረዳት የምንሆነው እኛው ነን። ከነገ ወዲያ ደግሞ፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ ረዳት የምንፈልገው እኛው ነን። ያኔ «እሺ» የሚለን ሰው እሺታው የእውነት እንዲሆን የምንመኝ ከሆነ ከዛሬው እንጀምር።

ቸር ይግጠመን!